ሁለት እጅ ቅባት

ቀለም ቀቢው ከቱቦው አፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት አወጣና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት አሸት አደረጋት። ወደ መስኮቱ ዞሮ በብርሃን አያት። አሸተታት። ከባንኮኒው ወዲያ የቆመችው ፋርማሲስት፣ ቀጥሎ ሊቀምሳት ነው ብላ ሳትሰጋ አልቀረችም፤ እጇን ከነጭ ጋዋኗ ኪስ አውጥታ ጠጋ አለች።

"ይቺ ቀጠነችብኝ" አላት። "ያቺኛዋን ደግሞ እስቲ አሳዪኝ።"

ያቺኛዋ ወፍራም ነበረች። ጣቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ሲያሻት ተዘርግታ አብለጨለጨች። ቱቦዋ ላይ በጉልህ የተጻፈው፣ ፀሐይ የመከላከል አቅሟን የሚያሳየው ቁጥርም እዚያ ከተደረደሩት ሁሉ ይበልጣል። ፋርማሲስቷ ለማን እንደሆነ ጠየቀችው። ለልጁ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፊቷን ብጉር ወርሶታል። የቆዳ ሐኪም ማታ ማታ የምትቀባው መድኃኒት አዞላታል፤ መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርገው ግን ጠዋት ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ሳትቀባ ከቤት እንዳትወጣ፣ አለዚያ ብጉሩ የነበረበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ እንደሚቀር አስጠንቅቋል። ቀለም ቀቢው ይህን ሁሉ አንድም ሳያዛንፍ ነገራት። ከሐኪሙ ቤት እስከ ፋርማሲው ድረስ በልቡ ሲወጣው ነበር የመጣው።

"ቆዳዋ ወዛም ነው ደረቅ?" አለችው።

ቱቦዋን አገላበጣት። ስለ ግድግዳ ብትጠይቀው ኖሮ እርጥበት የሚስበውን፣ ጨው የሚተፋውን፣ ስንት ቢቀቡት የማይጠግበውን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎ ይነግራት ነበር። የልጁን ፊት ግን መቼ ቀረብ ብሎ እንዳየው ትዝ አላለውም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ የሚመልስ ሌላ ሰው ነበር ቤቱ ውስጥ። ሚስቱ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው።

"ደህና ቆዳ ነው" አለ በመጨረሻ። "ብቻ ቶሎ ይቆጣል።"

"እንግዲያው ቀጭኗን ይውሰዱላት ጋሼ። ለብጉር የምትሻለው እሷ ናት" አለችና ምክንያቱን ልትነግረው ስትጀምር፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት ከኋላው ማዘዣ ወረቀት ዘረጋች። ፋርማሲስቷ ይቅርታ ጠይቃ ወደ ውስጥ ገባች።

ቀለም ቀቢው ሁለቱን ቱቦዎች በሁለት እጁ ይዞ ቀረ። እሱ በሚያውቀው ዓለም ነገሩ ግልጽ ነው። ለቤት ውስጥ የውሃ ቀለም ይበቃል፤ ውጭ ለሚውል ነገር፣ ለብረት በር፣ ለአጥር፣ ለመስኮት ክፈፍ የሚሆነው ግን የዘይት ቀለም ነው። ፀሐይ የሚችለው ዘይቱ ነው። ልጁ ደግሞ ውጭ የምትውል ናት፤ ትምህርት ቤቷ ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ የምትጠብቀው ጥላ በሌለበት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ኳስ ትጫወታለች። ከዚህም ሌላ ቀጭን የሚለው ቃል ራሱ አልጣመውም። ቀለም የሚያቀጥን ሠራተኛ ለእሱ ከሌባ አይለይም፤ በዚህ የተነሳ የተኳረፋቸው ጓደኞች አሉት። ለገዛ ልጁ እንዴት ብሎ የቀጠነ ነገር ይግዛ?

ፋርማሲስቷ ስትመለስ ወፍራሟ ቅባት ባንኮኒው ላይ ቁጭ ብላለች። አየቻት፤ አንድ ነገር ልትል ከንፈሯን ከፈት አደረገች። ሰልፉ ግን ረዝሟል፣ ሕፃኑም ያለቅሳል። በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠችው።

*

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ካለው መስታወት ፊት ቆማ ስትቀባ አባቷ የሻይ ኩባያውን እንደያዘ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

"ይሄማ አይበቃም እሙዬ" አላት። "ይሄ አንደኛ እጅ ነው። አንደኛ እጅ ግድግዳው የሚጠጣው ነው። የሚይዘው ሁለተኛው ነው።"

"አባዬ፣ እኔ በር ነኝ እንዴ?"

"በር ብትሆኚማ ትናንትና ጨርሼሽ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ ሄጄ ነበር።"

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለች። ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ቢሆንም ፈገግታ ነው። ደገመችና ቀባች።

እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ እንደ ሁለት ጨዋ ተከራዮች ነበር የሚኖሩት። በሩን ቀስ ብለው ይዘጋሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳህን ያጥባል፣ ደህና ዋልክ ደህና ዋልሽ ይባባላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ለቅሶውን ለየብቻቸው ነው የሚያለቅሱት፤ ቤቱ ሁለት ክፍል መሆኑ ለዚህ ጠቅሟቸዋል። ስለ ምን እንደሚያወራት አያውቅም ነበር። ድሮም ወሬዋን የሚሰማው በእናቷ በኩል ነው፤ ፈተና እንዳለፈች፣ ጫማ እንደጠበባት፣ ከጓደኛዋ ጋር እንደተኳረፈች፣ ሁሉንም ማታ መኝታ ላይ ሚስቱ ትነግረው ነበር። አሁን የምትነግረው የለችም።

ቅባቷ ከመጣች ወዲህ ግን የሚለው ነገር አገኘ።

"ቀባሽ?" ይላታል ጠዋት ጠዋት፣ ቱታውን እያጠለቀ።

"ቀባሁ።"

"ሁለት እጅ?"

"ሁለት እጅ።"

ይህችን ለመባባል ቶሎ ይነሳ ጀመር። መሰላል ላይ ቆሞ ጣሪያ ሲቀባ እንኳ ጠዋት ያለችውን ቃል መልሶ ያስባት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ ግንባር ላይ አዳዲስ ብጉር ወጣ። ከዚያ ጉንጯ ላይ፣ ከዚያ አገጯ ላይ፤ ቀይ፣ ሲነኩት የሚያም፣ መግል የቋጠረ። አባቷ መድኃኒቱ ውስጥ ያለውን እያወጣው ነው ብሎ አሰበ። እሱ እንደሚያውቀው ቀለም አረፋ አውጥቶ የሚላጠው ስስ ሆኖ ሲቀባ ነው። "ጨምሪበት" አላት። ልጅቷ ለአፍታ በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ከዚያ ጨመረች።

ትምህርት ቤት ፊቷ ስለሚያብለጨልጭ ፋኖስ የሚል ስም አወጡላት። መብራት በጠፋ ቀን አንዱ ልጅ፣ ጥቁር ሰሌዳው እንዲታየን ፋኖስን ወደ ፊት አምጧት ብሎ ክፍሉን በሳቅ ገደለው። ይህን አባቷ የሰማው ቆይቶ ነው። በጊዜው የነገረችው ራሷን እንደሚያማት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቀረች፣ ሌላም ቀን ቀረች፤ በኋላ መሄዱን ተወችው። የመልቀቂያ ፈተናዋ እየቀረበ ነው። እሱ ከሥራ ሲመለስ የክፍሏ በር ዝግ ነው፤ ከበሩ ወዲህ ቆሞ "ቀባሽ?" ሲላት ከወዲያ "ቀባሁ" ትለዋለች። ከቤት ለማትወጣ ልጅ የፀሐይ ቅባት ምን ይሠራል ብሎ ማሰብ እንኳ አልመጣለትም።

የልጅቷ አክስት በድንገት መጣች። የሚስቱ ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ስትናገር አፏ ውስጥ መርፌ የያዘች ይመስል ከንፈሯን ጠበብ አድርጋ ነው። የክፍሉን በር አስከፈተች፤ ልጅቷን በአገጯ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ምንም ሳትል ከቦርሳዋ ነጭ የጨርቅ ቁራጭ አወጣችና ግንባሯን ጠረገች፤ ጨርቁንም ለአባትየው ዘረጋችለት።

"ይሄ ምንድነው?"

"የፀሐይ መከላከያ ነው እትዬ። ሐኪም ያዘዘው።"

"ሐኪም ዘይት አያዝም። ልጅቷን እንደ ብረት በር ስትቀባት ነው የከረምከው።"

ልብስ ሰፊዋ ጮክ ብላ አልተናገረችም። ፈተናው መቃረቡን፣ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ፊቷን ደፍራ የምታሳያት ሴት እንደሚያስፈልጋት፣ እሷ ቤት ትርፍ አልጋ እንዳለ አንድ በአንድ ነገረችው። ይህን ገና እህቷ የተቀበረች ሰሞን ልትለው ፈልጋ፣ ሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይሆንበት ብላ እንደተወችው ጨመረች።

"እህቴ ብትኖር እንዲህ አይሆንም ነበር" አለች።

"ብትኖርማ ፋርማሲ የምሄደው እኔ አልነበርኩም።"

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን አጣጠፈችው። "እሱስ እውነትህን ነው" አለችና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ቀለም ቀቢው ወደ ልጁ ዞረ። አልሄድም እንድትል ነበር የጠበቀው። ልጅቷ ግን ደብተሮቿን መሰብሰብ ጀምራለች። ሻንጣዋን እሱ ራሱ ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሸኛቸው፤ አውቶቡሱ እስኪመጣም እሷ ላይ ጥላ እንዲሆን በፀሐይዋ በኩል ቆመ።

*

"አስታወስሽኝ የኔ ልጅ?" አለ ቀለም ቀቢው ወደ ፋርማሲው ባንኮኒ ጠጋ ብሎ።

"ወፍራሙን የወሰዱት" አለች ፋርማሲስቷ።

ሳይደብቅ ነገራት፤ ለምን እንደመረጠው፣ ጨምሪበት እንዳላት፣ የሆነውን ሁሉ። የዘይት ቀለምና የውሃ ቀለም ነገር ላይ ሲደርስ ልትስቅ ቃጣት፤ ፊቱን አይታ ዋጠችው። ያን ዕለት እጁን መያዝ እንደነበረባት፣ ሰልፉ አስቸኩሏት እንደተወችው ተናገረች። ከዚያ ሰልፉን አጠገቧ ላለችው ባልደረባዋ ሰጥታ፣ ካቋረጠችበት ቀጠለች። ወፍራሙ ለደረቅ ቆዳ ጥሩ ነው፤ ወዝ በሚበዛበት ቆዳ ላይ ግን ቀዳዳውን ይደፍንና ብጉሩን ያባብሰዋል። ለልጅቷ የሚሆናት ዘይት የሌለው፣ ሽቶ የሌለው፣ ቀዳዳ አይደፍንም ተብሎ የተጻፈበት ነው። ቁጥሩ ከሁሉ የበለጠ ካልሆነ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ሠላሳም ከዚያ በላይም ይበቃል። ዋናው በየቀኑ መቀባቱ፣ ሲያልባት ደግሞ መድገሙ ነው። የማታውን መድኃኒት ለጊዜው ታቁመው፤ እስከ መቼ እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ።

"መጠኑስ?" አለ። "ሁለት እጅ አይደለም?"

"ሁለት እጅ ምንድነው?"

አስረዳት። አሁን ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ እሱም ሳያስበው አብሯት ፈገግ አለ።

"ሁለት ጣት ነው ጋሼ" አለችው። ሌባ ጣቷንና የመሐል ጣቷን አጣምራ ዘረጋች። "በነዚህ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ አንዳንድ መስመር። ለፊቷና ለአንገቷ ይሄው ነው።"

ቀለም ቀቢው የራሱን ሁለት ጣት ዘርግቶ አየ። ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ነጭ ቀለም አለ።

ፋርማሲስቷ ሁለት ናሙና በትናንሽ ከረጢት ሰጠችው፤ ሙሉ ፊቷ ላይ ከመቀባቷ በፊት ለጥቂት ቀን ከጆሮዋ ሥር ትሞክራቸው። መጀመሪያ እኔ ላይ ልሞክረው ወይ ብሎ ጠየቃት።

"የእርስዎ ቆዳ ብጉርን ከረሳ ስንት ዘመኑ" አለች። "የምትቀባው እሷ ናት፤ የሚሞከረውም እሷ ላይ ነው።"

*

ልብስ ሰፊዋ ቤት ሲደርስ ከመስኮቱ ሥር ቆም አለ። ከውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ በድምፁ መሐል ሳቅ አለ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። የልጁ ነው። ሲያንኳኳ ሳቁ ቆመ።

ፊቷ ገና ቀይ ነው፤ መብለጭለጩ ግን የለም። ናሙናዎቹን ተቀብላ አንዱን ከቀኝ ጆሮዋ ሥር፣ አንዱን ከግራ ጆሮዋ ሥር ቀባችና መስታወት አነሳች። የቀኙ ነጭ ሆኖ ቀረ።

"አባዬ፣ ኖራ ነው እንዴ ያመጣህልኝ?"

"ኖራስ ሲቆይ ያምራል" አለ አንገቱን አዘንብሎ እያየ። የግራው ግን ጠፍቷል፤ የቆዳዋ መልክ ራሱ ነው። ልጅቷ ሁለቱንም በየጊዜው ቀብታ እንደምትጠብቅ ነገረችው። አባቷ ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ እሑድ ሲመለስ አዲሷን ቱቦ ገዝቶ ነበር፤ የግራዋን። ልጅቷ ከጆሮዋ ሥር ንጹሕ መሆኑን በስልክ ነግራው ነበር። ሐኪሙም አይቷት መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንድትመልስ ፈቅዷል። ቀለም ቀቢው ያን ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ከመውጣቱ በፊት የልጁን ክፍል ጠረገ፣ አንሶላ ቀየረ፣ መስኮቱን ከፈተ። ለራሱ ያለው ነገር ቢኖር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ካስተካከልኩት ትመጣለች የሚል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የሠራው በዚህች ሐሳብ ነው።

ልጅቷ በሁለት ጣቷ ላይ ሁለት መስመር አውጥታ ፊቷን ቀባች። አባቷ ጠጋ ብሎ አያት። ግንባሯ ጠርቷል፤ ጉንጯ ላይ ጥቂት ጥቁር ምልክት ቀርቷል። ወዛም ነው፣ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ደግሞ ደረቅ ይላል። አሁን ቢጠይቁት ይመልሳል።

"ያኛው ሲያበላሽሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አላት።

ልጅቷ የቱቦውን ክዳን ገጠመች። አክስቷ ከስፌት መኪናው ላይ እግሯን አነሳች።

"ገና ከመጀመሪያው አውቄ ነበር" አለች ልጅቷ። "በቀባሁ ቁጥር ይብስ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኝ ነበራ።" ድምፅዋ ቀነሰ። "እማዬ ከሞተች ጀምሮ ሌላ የጠየቅኸኝ ነገር የለም።"

ቀለም ቀቢው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ልጅቷ ፊቱን አየችና ቶሎ ብላ ተነሳች፤ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣዋን ሳበች።

"ልትወስደኝ አይደል የመጣኸው? ፊቴም ድኗል። አሁን አጣጥፋለሁ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም።"

የትምህርት ቤት ልብሷን ከማንጠልጠያው አውርዳ ታጣጥፍ ጀመር። አክስቷ አልከለከለቻትም፤ ዓይኗን ስፌቷ ላይ ጥላ እሱን ትጠብቅ ነበር። ቀለም ቀቢው ዙሪያውን አየ። ከመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የልጁ መጻሕፍት ተዘርግተዋል፤ አክስቷ ከትርፍ ጨርቅ ትንሽ መጋረጃ ሰፍታላት ፀሐይዋ ደብተሩ ላይ ብቻ እንጂ ፊቷ ላይ አትደርስም። አንድ ገጽ ላይ እስክሪብቶዋ እንደተከፈተ ቀርቷል፤ እሱ ሲያንኳኳ ያቋረጠችው ነው። ልጅቷ ታጣጥፋለች፤ እጇ ፈጣን ነው፣ አንድ ጊዜም ቀና አላለችም። ጨምሪበት ሲላት እንዲሁ ነበር የጨመረችው።

"ተይው እሙዬ" አላት።

"ምን?"

"ዛሬ አይሆንም። ቤቱን ልቀባው ነው። ሁለቱንም ክፍል። ሽታው ለፊትሽ ጥሩ አይደለም፣ ደግሞ ልታጠኚም አትችዪም።"

ልጅቷ ሸሚዟን እንደያዘች ቆመች። የቀለም ቀቢ ልጅ ናት፤ ሁለት ክፍል ቤት ተቀብቶ ለመድረቅ ምን ያህል እንደሚፈጅ ታውቃለች።

"እስከ መቼ ነው?" አለችው።

"ፈተናሽ እስኪያልፍ ሳይደርቅ አይቀርም።"

ልጅቷ ሸሚዟን አራግፋ መልሳ ሰቀለችው፤ ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ፊቷን ግን ወደ እሱ አላዞረችም፣ ቅባቱ ሸሚዙን እንዳይነካበት ይሁን ወይም እንዳያያት እሱ አላወቀም። ምን ምን እንደምታጠና ጠየቃት። መለሰችለት። የቱ እንደሚከብዳት ጠየቃት። ይህንንም ነገረችው፤ ያስቸገራትን ሒሳብ ልታስረዳው ስትሞክር ቀኑ መሸ። ከነገረችው ግማሹ አልገባውም፤ ሁሉንም ግን ሰማ።

ልብስ ሰፊዋ እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

"እውነት ልትቀባው ነው?" አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አሁንማ ምን ምርጫ አለኝ።"

ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብስ ስለዋለች አንገቷን በእጇ አሸት አሸት አደረገች። ምሽት ምሽት ለልጅቷ መደወል እንዳይረሳ፣ በስልክም ቢሆን ልጅቷ እየጠበቀች እንደምታመሽ ነገረችው። እደውላለሁ አላት። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመለሰ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር" አላት። "የክፍሏን ቀለም እኔ አልመርጥም። እሷን ጠይቂልኝ።"